ማንቂያው ጎረቤት ቤት ይጩህ

አንድ አዛውንት ቤታቸው ውስጥ ሲወድቁ የሚደርስባቸው ጉዳት ሁለት ነው። የመጀመሪያው ውድቀቱ ራሱ የሚያደርሰው ነው፤ የዳሌ አጥንት ስብራት፣ የጭንቅላት ምት፣ ምድጃ አጠገብ ከሆነም ቃጠሎ። ሁለተኛው ከውድቀቱ በኋላ የሚመጣ ነው፤ መነሳት አቅቷቸው፣ ማንም ሳያውቅላቸው፣ ወለል ላይ የሚቆዩበት ጊዜ የሚያመጣው። ለሰዓታት በአንድ ጎኑ ተጭኖ የተኛ ሰው ጡንቻው ይጎዳል፤ ከተጎዳው ጡንቻ ወደ ደም የሚገባው ንጥረ ነገር ኩላሊቱን ያውካል፤ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ ውኃ ያጥረዋል፤ ቆዳው ይቆስላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ ሳቢያ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ ከሰማንያ በላይ የሚሆኑት የሚሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሲሆን፣ ትልቁን ቁጥር የሚይዙትም ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ጉዳት መቀነስ እንጂ ፈጽሞ ማስቀረት አይቻልም። ሁለተኛው ግን የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ሊያጥር ይችላል። በቤት ውስጥ የሚተከሉ ሴንሰሮች ለአረጋውያን ይጠቅማሉ ሲባል በመሠረቱ የሚባለው ይኸው ነው፤ በአደጋውና ሰው በመድረሱ መካከል ያለውን ጊዜ ያሳጥራሉ። ሆኖም ሴንሰር ማንንም ከወለል አያነሳም፤ የሚያነሳው ሰው ነው። ስለዚህ አሳባችን መጀመር ያለበት ከሚደርሰው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። መሣሪያው ለዚያ ሰው እንዲመች ሆኖ መሠራት አለበት። በወላይታ ደግሞ ያ ሰው ጎረቤት ነው።

ለምሳሌ ኪንዶ ዲዳዬን እንውሰድ፤ ከወላይታ ዞን ወረዳዎች አንዱ ነው፤ ተዳፋት የበዛበት፣ ወደ ኦሞ ወንዝ የሚያዘቀዝቅ ምድር ነው፤ የወረዳው ዋና ከተማ ሃላሌ ነው። እንደ ሌላው የወላይታ ገጠር ሁሉ እዚህም መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በዞኑ 1,501,112 ሰው መዝግቧል፤ ይህ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 357 ሰው ያህል ማለት ነው፤ በከተማ ይኖር የነበረው ከመቶ አሥራ ሁለት አይሞላም ነበር። በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎች ከመቶ አምስት ገደማ ናቸው። ይህን ስሌት በዚያ ዘመን ቁጥር ላይ ብንወስደው እንኳ በወላይታ 75 ሺህ ያህል አረጋውያን ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ጨምሯል፣ ዕድሜም ረዝሟል። ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት 50 ዓመት ገደማ የነበረው የኢትዮጵያውያን አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ዛሬ 65 አልፏል። በዚህ ላይ ወጣቱ ይወጣል። መሬት ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል አልበቃ ሲል፣ የወላይታ ልጆች ወደ ወንጂና መተሐራ የሸንኮራ እርሻዎች፣ ወደ አዲስ አበባ የሊስትሮና የቀን ሥራ፣ ባለፉት ዓመታት ደግሞ ወደ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሄዱ ኖረዋል። ቤቱ ባዶ አይሆንም። ግን የቤቱ የዕድሜ ስብጥር ይለወጣል፤ በአንድ ጫፍ አያት፣ በሌላው ጫፍ ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ፣ መሃሉ ይሳሳል።

«በእኛ አገር ሽማግሌ ብቻውን አይኖርም» የሚለው ተቃውሞ ብዙ ጊዜ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ተገቢም ተቃውሞ ነው። ለብቻው በተዘጋ ክፍል የሚኖር አዛውንት በወላይታ ገጠር እንደ ጃፓን ወይም እንደ እንግሊዝ ብዙ አይደለም። ግን ብቻን መኖርና ብቻን መዋል ይለያያሉ። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ምራቲቱ ገበያ ወይም ውኃ መቅጃ፣ ልጁ ማሳ ላይ በሆኑበት ሰዓት አያት ከእንሰቱ ጓሮ ወይም ከምድጃው አጠገብ ብቻቸውን ናቸው። ሌሊትም ሁሉም ተኝቶ ሳለ ለሽንት የሚወጡት እርሳቸው ናቸው። አደጋ የሚመርጠው እነዚህን ሰዓታት ነው። ስለ ጎረቤት ደግነት የሚነሳው ክርክር ደግሞ የእኔን ሐሳብ ይደግፋል እንጂ አያፈርስም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከወላይታ አጠገብ ባለው ጎፋ ዞን፣ በኬንቾ ሻቻ ቀበሌ መሬት ሲንሸራተት፣ ከ200 በላይ ሰው አልቋል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ ሮጠው የደረሱና ሁለተኛው ናዳ ያገኛቸው ነበሩ። በዚህ አካባቢ ሰው የሰውን ጭንቅ ሰምቶ አይቀርም። የጎደለው ፈቃድም ጉልበትም አይደለም፤ የጎደለው ወሬው ነው። ወለል ላይ ወድቀው ድምፃቸው የደከመ እናት ኡኡታ ማሰማት አይችሉም፤ ጎረቤት ደግሞ ያልሰማውን አይደርስበትም።

እንግዲህ ያን ወሬ የሚያደርሱት መሣሪያዎች ምን እንደሆኑ እንይ። በብዛት የሚሸጠው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ሰውን በዓይን አያይም፤ ከሰው አካል የሚወጣውን የማይታይ የሙቀት ጨረር ከአካባቢው ሙቀት ለይቶ፣ ያ ሙቀት ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር ይመዘግባል። ለረጅም ሰዓት ምንም እንቅስቃሴ ካልመዘገበ አንድ ነገር ተፈጥሯል ብሎ መልእክት ይልካል። የእጅ ሰዓት ወይም የአንገት ማንጠልጠያ ውስጥ የሚገጠመው ደግሞ የአካልን የፍጥነት ለውጥ ይለካል፤ ድንገተኛ መውረድ፣ ከዚያ ኃይለኛ ምት፣ ከዚያ ጸጥታ በተከታታይ ሲያገኝ «ወድቀዋል» ብሎ ይገምታል። አፕል ኩባንያ በ2018 እ.ኤ.አ. ይህንን በእጅ ሰዓቱ ውስጥ ካስገባ ወዲህ በስፋት ታውቋል። በራዳር ሞገድ የሰውን ቅርጽና ከፍታ እየለካ ያለ ምስል መውደቅን የሚለይም አለ። በመጨረሻ ቀላሎቹ አሉ፤ በር መከፈቱንና መዘጋቱን የሚያውቅ፣ ሙቀት የሚለካ፣ ጭስ ወይም መርዛማ ጋዝ የሚለይ። ገበያው የሚያሞግሰው ውስብስቦቹን ነው። ለወላይታ ቤት የሚበጁት ግን ቀላሎቹ ናቸው፤ ምክንያቱን በደንብ ማየት ይገባል።

ውስብስቦቹ የተሠሩት አንድ ሰው፣ አልጋና ወንበር፣ ጠፍጣፋ ወለልና የማይለዋወጥ ሙቀት ላለበት አፓርታማ ነው። የወላይታ የገጠር ቤት ሌላ ነው። በብዙ ቤት ላምና ጥጃ፣ ፍየልና በግ ማታ የሚያድሩት ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ የእንስሳውን ሙቀት ከአያት ሙቀት መለየት የማይችል ሴንሰር ሌሊቱን ሙሉ «ሰላም ነው» እያለ ያድራል፣ አያት ወድቀው ሳለም ጭምር። ምድጃው ሲነድ ያው ሴንሰር ይደናገራል። ወደ ኦሞ ዳር ቆላ ሲወረድ ደግሞ የቀኑ ሙቀት ወደ ሰው አካል ሙቀት ስለሚጠጋ፣ መሣሪያው የሚለየው ልዩነት ይጠፋዋል። በራዳር መውደቅን የሚለየው መሣሪያ ወለል ላይ የተኛን ሰው እንደ ወደቀ ይቆጥራል፤ እዚህ ግን ብዙ ሰው ምንጣፍ ወይም ቆዳ ዘርግቶ ይተኛል፣ በርጩማ ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ምድጃ ፊት ቁጢጥ ይላል። በእጅ የሚታሠረውም የራሱ ችግር አለው። መውደቅን የሚለዩት ቀመሮች የተፈተኑት በአብዛኛው ላብራቶሪ ውስጥ ፍራሽ ላይ ሆነ ብለው በወደቁ ወጣቶች ነው። ጎንበስ ብሎ እንሰት የሚፍቅ፣ እንጨት የሚፈልጥ ክንድ በዚያ ፈተና ውስጥ አልነበረም። ደግሞም በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቻርጅ መደረግ አለበት። የሐሰት ማንቂያ የሚያበዛ መሣሪያ ከመሣሪያ አለመኖር ይብሳል። ሦስት ጊዜ በከንቱ የሮጠ ጎረቤት አራተኛውን አይሮጥም፤ ያን ጊዜ የተጎዳው መሣሪያው ብቻ አይደለም፣ ከዚያ በፊት የነበረው የጎረቤት ልማድም ነው።

ስለዚህ ጥያቄው መገልበጥ አለበት፤ በዚህ ቤት ውስጥ ቀላል መሣሪያ ሳይሳሳት ሊያውቀው የሚችል፣ ለአደጋውም ቅርብ የሆነ ምልክት የቱ ነው? አንዱ በር ነው። በገጠርም በሶዶ ከተማ ዳርቻም ሽንት ቤት የሚገኘው ከቤት ውጭ፣ ጓሮ ነው። በክረምት ሸክላው አፈር ሲያድጥ፣ ሌሊት መብራት በሌለበት፣ ዓይናቸው በሞራ የተያዘ ወይም ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት የሚወድቁበት መንገድ ይኸው ነው፤ ቤት ውስጥ የተተከለ ሴንሰር ደግሞ ጓሮውን አያይም። የበር ሴንሰር ግን ሁለት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ በመዝጊያው ላይ ማግኔት፣ በመቃኑ ላይ ማግኔቱ ሲጠጋው የሚገጥም፣ ሲርቅ የሚለያይ ስስ ማብሪያ። በሩ ሌሊት ተከፍቶ ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ ካልተዘጋ ማንቂያ ይሰጣል። ላም አያሳስተውም፤ ምድጃ አያደናግረውም፤ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው እጅግ ጥቂት ስለሆነ በአንድ ባትሪ ረጅም ጊዜ ይሠራል። የሚጠይቀው አንድ ስምምነት ብቻ ነው፤ ሲወጡ በሩን ክፍት መተው፣ ሲመለሱ መዝጋት። እውነት ነው፣ ይህ የልማድ ለውጥ ነው፤ በብርድ ወይም ጅብ በሚፈራበት ቦታ በር ከፍቶ መውጣት ላይመች ይችላል። ለዚያ ዓይነቱ ቤት በሩ አንዴ ተከፍቶ ሲዘጋ «ወጡ»፣ ሁለተኛ ሲከፈት «ተመለሱ» ብሎ የሚቆጥር አሠራር ይበጃል፤ ሌላ ሰው በዚያው ሰዓት ሲወጣ ግን ቆጠራው ይዛባል። ፍጹም መፍትሔ የለም። ጉድለቱን አስቀድመን የምናውቀው መሣሪያ ግን ጉድለቱን ከማናውቀው ይሻላል።

ሁለተኛው ምልክት ምድጃው ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ዞጂሩሺ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለአረጋውያን የውኃ ማፍያ አውጥቶ ነበር፤ አዛውንቱ ሻይ ለመቅዳት ማፍያውን መጠቀማቸው ይመዘገብና ራቅ ብሎ ለሚኖር ልጅ በመልእክት ይደርሳል። ማንም ካሜራ አልተከለም፤ ማንም አዛውንቱን ልዩ ነገር እንዲያደርጉ አልጠየቃቸውም፤ በየቀኑ የሚያደርጉት ነገር ራሱ የደኅንነታቸው ምልክት ሆነ። ያ አሳብ ከዚያ ማፍያ በላይ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ወደ ሌላ አገር ሊሻገር ይችላል። በወላይታ ጠዋት እሳት ይነዳል፤ ቡና ወይም በቅመም የተፈላ የቡና ቅጠል ሳይጠጣ ቀኑ አይጀመርም። ከምድጃው በላይ፣ ጭሱ ከማይበዛበት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትንሽ የሙቀት መለኪያ፣ እሳት መንደዱን በቀላሉ ያውቃል። አዛውንቱ ወይም አሮጊቷ አብዛኛውን ጊዜ ብቻቸውን በሚውሉበት ቤት ምድጃው በለመደው ሰዓት ካልሞቀ፣ ጎረቤት «እስኪ እንይ» ብሎ ጎራ እንዲል አንድ ምልክት ይበቃል። ይህ የአስቸኳይ አደጋ ጥሪ አይደለም፤ የወትሮው ጥየቃ ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲሆን የሚያስታውስ ነው። ለታመመ፣ ለደከመ፣ ማታ ወድቆ ጠዋት ላልተነሳ ሰው ግን ያች «ትንሽ ቀደም ብሎ» ብዙ ሰዓት ልታድን ትችላለች። በጾምና በበዓል ሰዓቱ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ የሚጠበቀውን ሰዓት የሚወስኑት ቤቱን የሚያውቁ ሰዎች እንጂ ፋብሪካው መሆን የለበትም።

ሦስተኛው የከሰል ጭስ ነው፤ ይህ ይበልጥ የከተማ ችግር ነው። የሣር ክዳን ያለው ቤት ጭስ ያስወጣል። በሶዶ ከተማ በሲሚንቶና በቆርቆሮ የተሠሩ፣ ለብርድ ተብለው ቀዳዳቸው የተደፈነ ክፍሎች ግን አያስወጡም። ዳሞታ ተራራ ሥር ያለችው ሶዶ ማታ ትቀዘቅዛለች፤ ፍም የያዘ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ሁለት መቶ እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል፤ ሰው ራሱን እያመመው፣ እየደከመው፣ እንቅልፍ የመጣበት እየመሰለው ይወሰዳል። ልባቸውና ሳንባቸው የደከመ አረጋውያን ቶሎ ይሸነፋሉ። ይህን ጋዝ የሚለይ መሣሪያ በዓለም ገበያ የቆየ ነው፤ የጋዙን መጠንና የቆየበትን ጊዜ አብሮ አስልቶ ይጮኻል፤ በታወቀው የአሜሪካ መለኪያ ለምሳሌ በሚሊዮን 70 እጅ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ 400 እጅ ከሆነ ግን በ4 እና በ15 ደቂቃ መካከል። ይኸው መሣሪያ ሦስት ጉልቻ ባለበት ማድቤት ከተሰቀለ ግን ወጥ በተሠራ ቁጥር ሊጮኽ ይችላል፤ ባትሪው በሳምንቱ ይወጣለታል። ቦታው መኝታ ክፍል፣ ሰዓቱ ሌሊት ነው። ለቃጠሎም እንዲሁ፤ በማድቤት ጭስ የሚለየው ሳይሆን ሙቀቱ ወደ 58 ዲግሪ ሲደርስ የሚጮኸው ዓይነት ይመረጣል።

ማንቂያው ጮኸ እንበል። ለማን? የውጭው ዓለም ልምድ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ ትምህርቱም አስደሳች አይደለም። በእንግሊዝ 2,600 ያህል ሰዎች የተሳተፉበት፣ ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ሙከራ፣ በቤት ውስጥ ሴንሰርና ማንቂያ የተተከለላቸው ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ሆስፒታል መግባታቸውም ሆነ የሚያስፈልጋቸው ማኅበራዊ አገልግሎት ጉልህ በሆነ ደረጃ አለመቀነሱን አሳይቷል። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የመርሳት ችግር ባለባቸው 495 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ሙከራም መሣሪያዎቹ ሰዎቹ በቤታቸው የሚቆዩበትን ዘመን እንዳላራዘሙ አገኘ። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በካምብሪጅ ዕድሜያቸው ከ90 ባለፈ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ወድቀው ለረጅም ጊዜ መነሳት ካቃታቸው ውስጥ አብዛኞቹ የጥሪ ቁልፍ እያላቸው እንዳልተጠቀሙበት ጽፏል፤ ቁልፉ ሩቅ ነበር፣ ወይም አልደረሱበትም፣ ወይም ሰው ማስቸገር አልፈለጉም። ከዚህ ተነስቶ «እንግሊዝ ያልሠራላትን እኛ ምን አስጀመረን» ማለት ይቻላል። እኔ የማነበው በሌላ መንገድ ነው። በእነዚያ ቤቶች ማንቂያው የሚሄደው ሩቅ ወዳለ የስልክ ማዕከል ነበር፤ ማዕከሉ ደግሞ ራቅ ብሎ ወደሚኖር ዘመድ ወይም ወደ አምቡላንስ ይደውላል። መሣሪያው የነበረበት ሰንሰለት ረጅም ነበር፤ መሣሪያው ያሳጠረው ደግሞ የሰንሰለቱን መጀመሪያ ብቻ ነው። በወላይታ የሕዝቡ ጥግግት ሰንሰለቱን በተፈጥሮው አጭር ያደርገዋል። በካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ባለበት ምድር የሚቀጥለው ደጅ የሚርቀው በሜትር ነው። የወረዳው አምቡላንስ ብዙ ጊዜ ለወላድ እናቶች የሚሯሯጥ ነው፤ በተዳፋቱ መንገድ በሃላሌ ዙሪያ ካለ ገጠር ቀበሌ ሶዶ ሆስፒታል ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ጎረቤት ግን በደቂቃዎች ይደርሳል።

ስለዚህ ማንቂያው ጎረቤት ቤት ውስጥ መጮኽ አለበት። ገመድ አልባ የበር ደወል በአጭር የሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ነው፤ ኢንተርኔትም ሲም ካርድም አይፈልግም። ቁልፉን አንገት ላይ ወይም መኝታው ራስጌ፣ ደወሉን ጎረቤት ቤት ማድረግ ይቻላል። የበሩ፣ የምድጃውና የጋዙ ሴንሰር በዚያው ሞገድ ያንኑ ደወል እንዲመቱ መሥራት ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪ የሚከብድ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ጎረቤት ቤት ሰው ከሌለ ወይም ደወሉ ካልተዘጋ፣ ለሦስት ሰዎች የጽሑፍ መልእክት ይሂድ። ስማርት ስልክ አያስፈልግም፤ ተራ ስልክ ላይ የሚደርስ አጭር መልእክት ይበቃል። ኔትወርክ ሲጠፋ ሁለተኛው መንገድ ይዘጋል፣ የመጀመሪያው ግን ይሠራል። የመብራት ጥያቄም በዚህ ይቀላል። ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የቆመው በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ላይ ነው፤ ሆኖም በአካባቢው የገጠር ቤቶች መብራት ገና በሙሉ አልገባም። የምንናገርላቸው መሣሪያዎች ግን ባትሪና ትንሽ ሶላር ይበቃቸዋል፤ የሶላር ፋኖስ የገባበት ቤት ይችላቸዋል።

የገንዘቡ ተቃውሞ ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን በቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን ከምግብ አይተርፍም። ጡረታ የሚያገኘው የመንግሥትና የድርጅት ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው፤ ገበሬው የለበትም። በ1995 ዓ.ም. ገደማ የታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው ከአምስት በላይ የሚሆነው በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲሠራ በኖረ ገበሬ ላይ በሚመጣው እግር አሳባጭ በሽታ እንደተያዘ አሳይቷል፤ ለእነዚህ ሰዎች ጫማ ከሴንሰር ይቀድማል። ሴንሰርን ከምግብ፣ ከመድኃኒትና ከጫማ የሚያስቀድም ዕቅድ ቢመጣ እኔም እቃወመዋለሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ወጪ እንኳ መጀመሪያ ወደ ሴንሰር መሄድ የለበትም። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ የኮክሬን ግምገማ 22 ሙከራዎችን አሰባስቦ፣ በቤት ውስጥ ለመውደቅ የሚያጋልጡ ነገሮችን ማስተካከል መውደቅን በ26 በመቶ፣ ለመውደቅ ይበልጥ በተጋለጡት ላይ ደግሞ በ38 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ይህ በሶዶ ገበያ ቋንቋ ሲነገር ወደ ሽንት ቤት የሚወስደውን መንገድ በጠጠር መደልደል፣ ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ መደገፊያ መትከል፣ ደፉን ዝቅ ማድረግ፣ ሰው ሲያልፍ የሚበራ የሶላር መብራት መስቀል ነው። መጨረሻ ላይ የተጠቀሰው መብራት ራሱ ሴንሰር ነው፤ ከማንቂያ ይልቅ መውደቅን አስቀድሞ የሚከለክል። ይህ ከተደረገ በኋላ የበሩና የደወሉ ወጪ አነስተኛ ነው፤ ከአንድ ቤተሰብ የዳሌ ስብራት ሕክምናና ከዚያ በኋላ ከሚመጣው የዓመታት አልጋ ቁራኛነት ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንደሚመድብ ይደነግጋል፤ «አቅም በፈቀደ» የሚለው ሐረግ እንዲህ ያለ ርካሽ ነገር ሲመጣ ሰበብ መሆኑ ይቀራል።

ከገንዘቡ ሌላ የካሜራ ጥያቄ አለ። በዋሽንግተንና በሜሪላንድ አካባቢ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ላይ ስለተሰማሩ እነዚህን መሣሪያዎች በእጃቸው ያውቋቸዋል፤ ለእናት አባታቸው ካሜራ ልከው ከስልካቸው ማየት የሚፈልጉም ይኖራሉ። ፍቅራቸው ይገባል፤ ግን እናት ልብስ ሲለውጡ፣ ሲጸልዩ፣ ከጎረቤት ጋር ሲጫወቱ በሌላ አህጉር ባለ ስልክ መታየት አለባቸው ብዬ አላምንም። ጎረቤቱም ጭምር ሳያውቅ ይቀረጻል። በሩ ተከፈተ አልተከፈተም ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ፊት ማየት ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ በፈቃዱ ወይም ሕግ በሚፈቅደው ሌላ ምክንያት፣ ለታወቀ ዓላማም ብቻ እንዲሰበሰብ መሠረት ጥሏል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከሕጉ በፊት ግን የአዛውንቱ ወይም የአሮጊቷ ፈቃድ አለ። ልጅ ስለከፈለ ወይም ቀበሌ ስለወሰነ ብቻ መሣሪያ አይተከልም፤ የሚጠየቁት እርሳቸው ናቸው፣ ሲሰለቻቸውም የማጥፋት መብት አላቸው። መሣሪያው ልጆችን ከመጠየቅ ያዘናጋል የሚለው ሥጋት ደግሞ የማይጣል ነው። ለዚያ ያለኝ መልስ መልእክቱ ወደ ልጅ ሳይሆን ወደ ጎረቤት እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ ልጁ «ሁሉም ደኅና» የሚል ዕለታዊ ምልክት በስልኩ ካላገኘ ራሱ ይደውላል።

ማን ይሥራው ለሚለው የተለየ ድርጅት መመሥረት አያስፈልግም። ሲሞት ለመቅበር የተደራጀው እድር፣ ሳይሞት ለመድረስም የሰው ዝርዝርና የገንዘብ ሣጥን አለው፤ የማን ቤት ለማን እንደሚቀርብም ያውቃል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቤቱ ሲዞሩ ባትሪውንና ደወሉን መፈተሽ፣ የወደቀን ሰው ስብራቱን ሳያባብስ እንዴት እንደሚያነሳ ለጎረቤት ማስተማር ይችላሉ፤ ይህ ሁለተኛው አስፈላጊ ነው፣ ምክንያቱም የተሰበረ ዳሌን በችኮላ ጎትቶ ማንሳትና ወጌሻ ጋ ማድረስ ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራ ይሠራሉ፤ በሶዶ የስልክ ጥገና ሱቆች ደግሞ ብየዳ የሚያውቁ እጆች አሉ። እግር አሳባጩን በሽታ በተመለከተ ሶዶን ማዕከል አድርጎ የተሠራው ሥራ ይህ እንደሚቻል ያሳያል፤ እዚያ የተሻላቸው ሕሙማን ራሳቸው ሠልጥነው በየመንደራቸው ሌሎችን እግር ማጠብና መንከባከብ አስተምረዋል። ለመጀመር አንድ እድር፣ በአንድ ቀበሌ፣ ጥቂት ቤት ይበቃል። የመትከያው ጊዜ በመስከረም ቢሆን ይመቻል፤ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ የተመለሱት ልጆች ቤት ስለሚሆኑ መንገዱን አብረው ይደለድላሉ፣ ወጪውን ይጋራሉ፣ ከጎረቤቱም ጋር ፊት ለፊት ይስማማሉ። በዓመቱ መጨረሻ የሚቆጠረው የተተከለው መሣሪያ ብዛት መሆን የለበትም። ደወሉ ስንት ጊዜ በእውነት፣ ስንት ጊዜ በሐሰት እንደጮኸ፣ በእውነት በጮኸበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ ሰው በር ላይ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይመዝገብ። ደቂቃው ካልቀነሰ መሣሪያው ይነሳ፤ ከቀነሰ ቀጣዩ እድር ይውሰደው።